የጉለሌ ንብ፤ ማርዋና መንደፊያዋ

ሰው ከማር ጋራ የተዋወቀው ከጥንት ዘመን ጀምሮ ነው፤ ከንብ ጋራ የተዋወቀው ግን ገና ትናንት ነው። ማሩን ይበላል፥ ጠጁን ይጠጣል፥ ሰሙን ያበራል፤ ከቀፎው ደጅ በደረሰ ጊዜ ግን ሌላውን ሁሉ ረስቶ ስለ መንደፊያዋ ብቻ ያስባል። ነገር ግን ማርና መንደፊያ የአንድ ቤት ሀብትና ዘበኛ ናቸው። ንብ የምትነድፈው የምትጠብቀው ማር ስላላት ነው፤ ማሩም ተጠብቆ የኖረው ንብ ስለምትነድፍ ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው ወይ ንብን ፈርቶ ያጠፋታል፥ ወይ ማርን ወድዶ ያጠፋታል፤ መንገዱ ሁለት ቢሆንም መድረሻው አንድ ነው። ለዚህም ነገር ምስክር የሚሆነው በእንጦጦ ሥር ያለው የጉለሌ አገር ታሪክ ነው።

ጉለሌ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፥ በተራራው ግርጌ የተዘረጋ ሥፍራ ነው። ስሙ ከከተማይቱ ስም ይቀድማል፤ ይኸውም ከቱለማ ኦሮሞ ወገን የሆኑት የጉለሌ ሰዎች፥ አዲስ አበባ ሳትቆረቆር አስቀድሞ በዚያ ይኖሩ ስለ ነበረ ነው። በቋንቋቸው ንብን ካንኒሳ፥ ማርን ደማ፥ ከማር የሚጣለውንም መጠጥ ዳዲ ይሉታል። በግዕዝም ንብ ንህብ፥ ማር መዓር፥ ጠጅም ሜስ ይባላል። ሁለቱ ቋንቋዎች ለንብም ለማርም ለመጠጡም የየራሳቸውን የቆየ ስም መያዛቸው፥ የንብ ነገር በዚህ ምድር እንግዳ እንዳይደለ ያስረዳል።

የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ ደጋ ነው። የቀድሞው ደን ጽድ፥ ወይራና ኮሶ የበዛበት ነበር። ንብም ከዝናብና ከነፋስ የሚያስጥላትን ደረቅ ጎድጓዳ ሥፍራ ትፈልጋለችና፥ ያረጀና ውስጡ የተቦረቦረ ግንድ ለእርስዋ ተሠርቶ የቆየ ቤት ነው። በክረምት፥ ዝናቡ ሲበረታ፥ ከቤትዋ ተከትታ ያከማቸችውን ትበላለች። መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ ሜዳውን ቢጫ ያለብሰዋል፤ መጭና ማገጥም ያብባሉ። በዚያን ጊዜ ንብ ከማለዳ እስከ ማታ ትመላለሳለች፤ በጥቅምትና በኅዳርም ማሩ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ በበጋው ወራት ግራዋ ያብባል፤ የበልግ ዝናብ በሰመረበት ዓመትም በግንቦትና በሰኔ ሁለተኛ ማር ይቆረጣል። ስለዚህ ንብ አርቢ ወራቱን የሚቈጥረው ከአበባው ነው፤ የአበባው ዛፍ በተቈረጠ ጊዜም ከዓመቱ አንድ ወር እንደ ጐደለበት ያውቃል።

ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከተማቸውን በእንጦጦ ላይ አደረጉ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከተራራው በታች በፍልውኃ አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ሥፍራውንም አዲስ አበባ አሉት። በ1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። ከዚህ በኋላ ሠራዊቱም፥ መኳንንቱም፥ ባለ ጉዳዩም ወደዚህ አገር ጐረፈ። የብዙ ሰው መሰብሰብም ሁለት ነገርን ይጠይቃል፤ ለምግቡ ማገዶን፥ ለግብሩም ጠጅን። ማገዶው ከተራራው ደን ተቈረጠ፤ ማሩም ከሩቅ አውራጃዎች ሳይቀር በጉንዶ እየተሰፈረ በግብር ገባ።

በዚያ ዘመን ጠጅ ከሁሉ ይልቅ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበር። ባላገሩ ጠላውን ሲጠጣ፥ ማሩን ለጌታው ያገባ ነበር። በአዳራሹ ግብር በተበላ ቍጥር በጋን የተጣለው ጠጅ በብርሌና በዋንጫ ይታደል ነበርና፥ የመንግሥት ክብር የሚታየው በጠጁ ብዛትም ነበር። በግብር ቤት የተቀመጠ ሰው ግን ያ ማር ከየትኛው ዛፍ እንደ ተቈረጠ፥ የተቈረጠበትም የንብ ቤት ዳግመኛ ይቈም ወይም ይፈርስ እንደ ሆነ አይጠይቅም ነበር።

ከጠጅ ጋራ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ጠጅ ሲጣል ማሩ ከነሰሙ በውኃ ይበጠበጣል። ፈሳሹ ከታች ይቀራል፤ ሰፈፉም ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ይህ ሰፈፍ ተሰብስቦ፥ ቀልጦና ተጣርቶ ሰም ይሆናል፤ በኢትዮጵያ ለገበያ ከሚወጣው ሰም ብዙው እስከ ዛሬ ከጠጅ ቤት የሚገኝ ነው። ሰሙም በጥጥ ፈትል ላይ ተደርጎ ጧፍ ይሆናል፤ ጧፉም በቤተ ክርስቲያን ይበራል። እንግዲህ ከአንድ የማር እንጀራ ፈሳሹ ለንጉሥ ማዕድ፥ ሰሙ ለመቅደስ ብርሃን ይሆን ነበር። በማታ የሰከረውና በሌሊት ለማኅሌት የቆመው፥ ሁለቱም ሳያውቁት የአንዲት ንብ ባለ ዕዳዎች ነበሩ።

የሊቃውንቱም ጥበብ ቢሆን ከዚህ ዕዳ ነጻ አይደለም። ቅኔ የሚቀኙ ሰዎች የቃሉን ላይኛ ትርጉም ሰም፥ የተሰወረውንም ወርቅ ይሉታል። ይህ ምሳሌ የተወሰደው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው አስቀድሞ የሚፈልገውን መልክ ከሰም ያበጃል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በቦታውም ወርቁ ይፈስሳል። ሰም ባይኖር ወርቁ መልክ የሚያገኝበት መንገድ አይኖርም ነበር። በዚህም ምክንያት የኢትዮጵያ ቅኔ ስሙን የተበደረው ከንብ ቤት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

የውጭ አገር ሰዎችም የማሩንና የሰሙን ብዛት አይተው ጽፈዋል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቈየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ፥ ገበሬዎች የንብ ቀፎን በሚኖሩበት ቤት ውስጥ እንደሚያኖሩ፥ በአገሩም ማርና ሰም የተትረፈረፈ እንደ ሆነ ተናግሯል። ከእርሱም ዘመን አስቀድሞ፥ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሠው ላሊበላ ስሙን ያገኘው ከንብ መሆኑን ገድሉ ይተርካል፤ በተወለደ ጊዜ የንብ መንጋ ከበበው፥ እናቱም ንቦች ንጉሥነቱን ዐወቁለት ብላ እንዲህ ሰየመችው ይላል። ግሪኮችም ስለ ፈላስፋው አፍላጦን፥ ሮማውያንም ስለ ሚላኑ ጳጳስ አምብሮስዮስ ተመሳሳይ ነገር አውርተዋል፤ ሕፃናት ሳሉ ንቦች በአፋቸው ላይ ሰፈሩ ብለዋል። ለእነዚያ የንብ መስፈር የአንደበት ጣፋጭነት ምልክት ነበረ፤ ለኢትዮጵያ ሰው ግን የመንግሥት ምልክት ሆነ።

የመንግሥት ምልክት መሆንዋም ያለ ምክንያት አይደለም። የንብን ቤት የተመለከተ ሰው ሁሉ በመካከላቸው አንዲት ትልቅ ንብ እንዳለች፥ ሌሎቹም እርስዋን ከብበው እንደሚኖሩ አይቷል። ያገራችን ሰው ይህችን አውራ አላት። አውራ ማለት የወንድ ስም ነው፤ ስለዚህ ንጉሥ እንጂ ንግሥት አልመሰለችውም። በዚህ ስሕተት ብቻውን አልነበረም፤ አርስጣጣሊስም ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፍ እነዚህን ትልልቅ ንቦች ነገሥታት ብሎ ጠርቷቸዋል። ስሕተቱ ከሁለት ሺሕ ዓመት በላይ ኖረ።

ስሕተቱን ካቃኑት ሰዎች ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች መሆናቸው የሚያስደንቅ ነው። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1609 ቻርልስ በትለር የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ የንብ መንግሥት የሴት መንግሥት ናት ብሎ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው መቶ ዓመት ሆላንዳዊው ያን ስዋመርዳም የአውራይቱን ሆድ ከፍቶ በመሣሪያ ቢመለከት እንቍላል የሞላበት ማሕፀን አገኘ፤ ክርክሩም በዚህ አበቃ። በ1792 ፍራንስዋ ኡቤር የሚባል ስዊሳዊ ዐይነ ስውር፥ አገልጋዩ የሚያየውን እየነገረው፥ የንብን ቤት ሥርዓት በዝርዝር ጻፈ። በ1845 የሽሌዝያው ካህን ያን ጅየርዞን ድንጉላ ንብ ካልዳበረ እንቍላል፥ ያለ አባት እንደሚወለድ አስታወቀ። በ1851 ደግሞ አሜሪካዊው ቄስ ሎሬንዞ ላንግስትሮዝ በማር እንጀራዎች መካከል ንቦች ለመተላለፊያ የሚተዉት ክፍት ቦታ የተወሰነ ልክ እንዳለው ተረዳ፤ በዚህም ልክ እንጀራው አንድ በአንድ የሚወጣና የሚገባበትን ቀፎ ሠራ። ቄሶች በዚህ ሥራ መብዛታቸው አያስገርምም፤ ዕለት ዕለት በሰም ብርሃን የሚያነብ ሰው ሰሙ ከወዴት እንደ መጣ ሊጠይቅ ይገባዋልና።

እነዚህ ሰዎች ያገኙት ነገር ባጭሩ ይህ ነው። በአንድ ቀፎ በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ ንቦች ይኖራሉ። አውራይቱ የሁሉ እናት ናት፤ በአበባ ወራት በአንድ ቀን ከ1000 በላይ እንቍላል ልትጥል ትችላለች፤ ነገር ግን የምታዝዘው ነገር የለም፥ ሥራዋ መውለድ ነው። ድንጉሎቹ ወንዶች ናቸው፤ ማር አይሠሩም፥ መንደፊያም የላቸውም። የቀሩት ሁሉ ሠራተኞች፥ ሴቶች ናቸው። ሠራተኛይቱ በሥራ ወራት የምትኖረው ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። መጀመሪያ ቤት ትጠርጋለች፥ ዕጮችን ትመግባለች፥ ከሆድዋ በሚወጣ ሰም እንጀራውን ትሠራለች፤ ቀጥላ በደጅ ዘብ ትቆማለች፤ በመጨረሻም ወደ ሜዳ ትወጣለች። አበባ ያገኘችው ንብ ተመልሳ በእንጀራው ላይ በምታደርገው ውዝዋዜ አበባው በየት አቅጣጫና በምን ያህል ርቀት እንዳለ ለእኅቶችዋ ታመለክታለች። ይህን የፈታው ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1973 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

አሁን ወደ መንደፊያዋ እንመለስ። የንብ መንደፊያ በጥንተ ነገሩ እንቍላል መጣያ የነበረ አካል ነው፤ ስለዚህ ወንዱ የለውም። የሠራተኛይቱ መንደፊያ እንደ መንጠቆ ወደ ኋላ የተመለሱ ጥርሶች አሉት። በሰው ቆዳ በገባ ጊዜ መልሶ መውጣት አይሆንለትም፤ ንብዋ ለመብረር ስትታገል መንደፊያዋ ከነመርዝ ከረጢቱ ከሆድዋ ተቦጭቆ ይቀራል፥ እርስዋም ትሞታለች። ከረጢቱ ግን ንብዋ ከሄደች በኋላ እንኳ እየተኰማተረ መርዙን መግፋቱን አይተውም። ደግሞም ከመንደፊያው አጠገብ እንደ ሙዝ የሚሸት ሽታ ይወጣል፤ ይህ ሽታ ለሌሎቹ ንቦች እንደ ነጋሪት ነው። አንዲት ንብ የነደፈችው ሰው ብዙዎች የሚከተሉት ስለዚህ ነው። ጢስ የሚጠቅመውም ይህን የሽታ ነጋሪት ስለሚሸፍን፥ ንቦችንም ማር ወደ መጥገብ ስለሚመልሳቸው ነው።

ከዚህ አንድ ነገር ግልጥ ይሆናል። ንብ በአንድ ንድፊያ የምትሞት ከሆነች፥ በከንቱ አትነድፍም። በአበባ ላይ ያለች ንብ፥ ካልጨመቁአት በቀር፥ ሰውን አትሻም። ቤት ለመለወጥ ወጥቶ በቅርንጫፍ የተንጠለጠለ መንጋም የሚጠብቀው ልጅና ማር ስለሌለው አብዛኛውን ጊዜ የዋህ ነው። የምትቈጣው በቤትዋ ደጅ ነው፤ ያውም ቤትዋ በተናወጠ፥ ጥቁርና ጠጕራም ነገር በቀረባት፥ ትንፋሽና ላብ በሸተታት ጊዜ ነው። ይህንም ያወቀ ንብ አርቢ ነጭ ለብሶ፥ ቀስ ብሎ ይቀርባል፤ የማያውቀው ግን እጁን ሲያወናጭፍ ቍጣዋን ያብሳል።

በንድፊያ የሚደርሰው ጕዳት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከመርዙ ብዛት ነው፤ ጤነኛ ጐልማሳ ጥቂት ንድፊያን ታግሦ ያልፈዋል፥ በመቶዎች ሲሆን ግን ለሕይወቱ ያሰጋል። ሁለተኛው ከሰውየው ደም ጠባይ ነው፤ አንዳንድ ሰው አስቀድሞ ተነድፎ ሰውነቱ መርዙን ከተጣላ፥ በኋላ አንዲት ንድፊያ ልትገድለው ትችላለች። ይህን ዓይነት ነገር ሻርል ሪሼና ፖል ፖርትዬ የሚባሉ ፈረንሳውያን ሊቃውንት በአውሮጳ አቈጣጠር በ1902 ከባሕር እንስሳት በተገኘ መርዝ መርምረው አናፊላክሲስ ብለው ሰይመውታል። እንግዲህ የተነደፈ ሰው አስቀድሞ ከሥፍራው ይራቅ፤ መንደፊያውን በጥፍርም ሆነ በሌላ ነገር ሳይዘገይ ያውጣ፤ ቦታውን ይጠብ፥ በቀዝቃዛ ነገርም ይያዝ። ምላሱ ወይም ጕሮሮው ቢያብጥ፥ ትንፋሽ ቢያጥረው፥ ገላው ሁሉ ሽፍ ቢል፥ ራሱን ቢያዞረው ግን ጊዜ ሳያጠፋ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ፤ የዚህ መድኃኒቱ ፈጥኖ የሚወጋው አድሬናሊን ነው። በዚህ ጊዜ በቤት መድኃኒት መዘግየት ነፍስን ያስጠፋል።

ከንብ ጋራ እየተደባለቀች የምትጠላ ሌላይቱ ተርብ ናት። ተርብ ወገብዋ የቀጠነ፥ ገላዋም ለስላሳ ነው፤ መንደፊያዋ ጥርሱ ስለማይዛት ደጋግማ ልትነድፍ ትችላለች፥ አትሞትምም። ማር አታከማችም፤ ስለዚህ ሰው አመስግኖአት አያውቅም። በኦሪት ዘጸአትም ስምዋ የተጠራው ጠላትን ለማሳደድ የምትላክ ሆና ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ተርቦች ልጆቻቸውን የሚመግቡት ትል፥ ዝንብና ሌላውን ተባይ እያደኑ ነው፤ ጎመኑን ከሚበላው ትል የሚያድነው የጓሮ ወታደር አንዱ ተርብ ነው። አንዳንዶቹም ተርቦች እንጨት ፍቀው፥ በምራቃቸው ለውሰው፥ እንደ ወረቀት ያለ ቤት ይሠራሉ። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1719 ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኦሙር ይህን አይቶ፥ ሰውም ወረቀትን ከእንጨት ሊሠራ ይችላል ብሎ ለአካዳሚው አሳሰበ፤ በዚያ ዘመን ወረቀት የሚሠራው ከጨርቅ ነበርና። ዛሬ የብዙው መጽሐፍና ጋዜጣ ወረቀት ከእንጨት የሚወጣ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። ሽማግሌዎች ለዕርቅ የሚቀመጡበት ዋርካና ሾላ አበባቸው በፍሬው ውስጥ የተዘጋ ነው። ይህን የተዘጋ አበባ የምታዳብረው ከጤፍ ቅንጣት እምብዛም የማትበልጥ ትንሽ ተርብ ናት፤ በፍሬው ጠባብ ቀዳዳ ገብታ፥ የአበባውን ዱቄት አድርሳ፥ እንቍላልዋን ጥላ ከዚያው ትሞታለች። እርስዋ ባትኖር የዋርካ ዘር ባልኖረ፤ ጥላውም ባልተገኘ ነበር። ሰው የጠላት ስም የሰጣት ወገን፥ የሚታረቅበትን ዛፍ የምታቆምለት እርስዋ ሆና ተገኘች።

የንብም ጥቅም በማር አያበቃም። ከአበባ ወደ አበባ ስትሄድ በገላዋ የምትይዘው ዱቄት ለተክሉ ዘር ማፍራት ምክንያት ነው። ጤፍና ገብስ ያለ እርስዋ ያፈራሉ፤ ኑግ ግን ያለ ንብና ያለ መሰሎችዋ ፍሬው ያንሳል፥ የጾም ዘይት የሚወጣውም ከኑግ ነው። ባቄላም፥ ፖምም፥ ዱባም በእርስዋ ይበዛሉ። ከማር ንብ ሌላ ደግሞ ጣዝማ አለች፤ በምድር ውስጥ የምትኖር፥ መንደፊያ የሌላት ጥቃቅን ንብ ናት፤ ማርዋ ጥቂት ቢሆንም በመድኃኒትነቱ እጅግ ይፈለጋል። ብዙ ጊዜም ማርዋን የሚፈልግ ሰው ምድሩን ቈፍሮ ቤትዋን ሁሉ ያፈርሰዋል። መንደፊያ አለመኖሩ ሰላም እንዳልሆነላት ከዚህ ይታያል።

ወደ እንጦጦ ስንመለስ፥ ደኑ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማገዶና ለቤት ሥራ አለቀ። የእንጨት ማጣትም እጅግ ስለ በረታ፥ በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከተማይቱን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከተማይቱን ያቆማት በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ፈጥኖ ስለሚያድግ በጥቂት ዘመን ጉለሌንና እንጦጦን ሸፈነ። ከሥሩ ብዙ ነገር አያበቅልም እየተባለ ቢነቀፍም፥ አበባው ለንብ መልካም ነው፤ የተራቆተው ተራራ ንቦች ያለ እርሱ ረኃብ ይበዛባቸው ነበር። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ለማገዶ ገና በለጋነቱ ይቈረጣልና፥ እንደ ጥንቱ ጽድና ወይራ አርጅቶ ለንብ ቤት አይሆንም። ምግብ ተገኘ፤ ማደሪያ ጠፋ። በዚህ ጊዜ የንብ ቤት ሆኖ የቀረው ሰው የሚሰቅለው ቀፎ ነው።

የቀድሞው ቀፎ ከቀርከሃ ወይም ከጭራሮ ተሠርቶ በጭቃና በእበት የተለሰነ ድብልብል ነው። ርካሽ ነው፥ ያገሩንም ብርድ ይችላል። ጕድለቱ ማር በሚቈረጥበት ጊዜ ይታያል፤ እንጀራው ከቀፎው ጋራ የተጣበቀ ስለ ሆነ ማሩ ከነዕጩ ይቈረጣል፥ ሌሊት በእሳት የተሠራ እንደ ሆነም ብዙ ንብ ይቃጠላል፤ አንዳንድ ጊዜም አውራይቱ ትሞታለች። የኢትዮጵያ ንብም ቤትዋ በተበደለ ጊዜ ጥላ መሄድን የምታውቅ ናት። በአውሮጳ አቈጣጠር በ2011 ተመራማሪዎች ይህችን ንብ ከጎረቤት አገሮች ንብ ለይተው አፒስ ሜሊፌራ ሲሜንሲስ ብለው ሰይመዋታል። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በሆለታ ያለው የንብ ምርምር ማእከልም የንብዋን ጠባይ፥ የአበባውን ዓይነትና እንጀራው የሚነሣና የሚመለስበትን ቀፎ ሲመረምርና ሲያስተምር ኖሯል። ኢትዮጵያ ዛሬ በማር ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ በሰምም በዓለም ከታወቁት አገሮች አንድዋ ናት። ይሁን እንጂ አብዛኛው ማር እስከ ዛሬ የሚገኘው ከጥንቱ ቀፎ ነው።

በጉለሌም የተመለሰ ነገር አለ። በተራራው ጎን 705 ሄክታር ያህል መሬት ለዕፀዋት ማእከል ተከልሎ ያገር ዛፍ ይጠበቅበታል፤ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም ከዚያው ተራራ ላይ ነው። በሌላ ወገን ቤት በቤት ላይ ሲሠራ ሜዳው ይጠብባል፤ የተባይ መርዝ አበባው ሳይረግፍ በቀን ሲረጭ ንብዋ መርዙን ወደ ቤትዋ ይዛ ትገባለች፤ በቤት ጣራ ሥር የሰፈረ መንጋም ንብ አርቢ ሳይጠራለት በእሳት ይጠፋል። በገበያም ስኳር ማርን፥ ከነዳጅ ዘይት የሚወጣውም ሰም የንብን ሰም ተክቶ ይሸጣል። ከነዳጅ ዘይት የሆነው ጧፍ ብርሃኑ አይጐድልም፤ ነገር ግን እርሱ እንዲበራ አንድ ዛፍ እንኳ መቆም የለበትም። የንብ ሰም ጧፍ ግን ደን ካልቆመ አይበራም።

በብዙው የኢትዮጵያ ደጋ ደኑ ካለቀ በኋላ ጽዱና ወይራው ተርፎ የሚታየው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። አባቶች ያንን ዛፍ የጠበቁት ስለ ንብ ብለው አልነበረም፤ ነገር ግን ያረጀው ግንድ ለንብ ቤት ሆነ፥ ንብዋም ለመቅደሱ ሰም ሰጠች። እነዚያ አባቶች ሳያውቁ የሠሩትን፥ ያሁኑ ሰው ዐውቆ ሊሠራው ይችላል። ዛፉን ማቆም፥ ቀፎውን ከመንገድና ከሕፃናት መጫወቻ ማራቅ፥ ማሩን ሁሉ ሳይጨርሱ ለክረምት ስንቅዋን መተው፥ የተነደፈውን ፈጥኖ መርዳት፤ ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ንብ ለቤትዋ ስትነድፍ በሕይወትዋ ትከፍላለች። ሰው ግን ማርዋን ሲወስድ እስከ ዛሬ የከፈለው ጥቂት ነው። የጉለሌ ተራራ ደኑን አንድ ጊዜ አጥቶ በሌላ ዛፍ ተተካለት፤ ንቡን ያጣ እንደ ሆነ ግን በምትክዋ የሚመጣ ሌላ ፍጥረት ከባሕር ማዶ የለም።